ዝም የማለትን መብት ያስከበረው ለፍላፊ

ባለቤቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ዝም ያለባቸውን ሰዓቶች ብደምር አንድ ሳምንት የሚሞሉ አይመስለኝም። ይህን ስል እንቅልፉን ቆጥሬለት ነው፤ ተኝቶም ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል። ልጃችን ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ የአባዬ ማጥፊያው የት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ፈልጌ አላገኘሁትም አልኳት።

እንግዲህ ዛሬ በየፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ ጠበቆች በየችሎቱ የሚከራከሩበት «ዝም የማለት መብት» የተከበረው በዚህ ሰው መዝገብ ነው። መብቱ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ድሮም ተጽፎ ነበር አሉ። ግን መጽሐፉን ከፍቶ ያነበበ አልነበረም፤ ያስከፈተው እሱ ነው። ለሰው ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም መሳቅ ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው።

ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ናት። እሱ ገብቶ ከተቀመጠባት ደንበኛው ደጅ ይቆማል። ግድግዳዋ ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በሽቦ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ይንቀጫቀጫሉ። መቅረጫ ማሽኑ ሲጮህ እሱ ከማሽኑ በላይ ይጮሃል እንጂ ወሬውን አያቋርጥም። አንድ ቁልፍ ለመቅረጽ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ደንበኛው ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት አይሄድም። ደግሞ ይወዱታል። ቁልፍ ሳይጠፋባቸው የሚመጡ አሉ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የጫማ መደብር በሩ ሳይሰበር ተከፍቶ ተዘረፈ። መርማሪው ባለቤቴን ለሙያ ምክር ብሎ አስጠራው። ሄደ፤ እንዲያውም ሸሚዝ ቀይሮ ሄደ። መርማሪው የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ይሄን ሳይሰብሩ መክፈት ይቻላል?» አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን «እንጃ» ብሎ ይወጣ ነበር። የኔ ጉድ ጃኬቱን አወለቀ።

«ይቻላል ወይ? ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ቁልፍ አይደለም፤ ጌጥ ነው!»

ሁለት ሽቦ አስመጥቶ በአርባ ሰከንድ ከፈተው።

«በጨለማስ?» አለ መርማሪው።

«ዓይኔን ጨፍኜ!» አለና ጨፍኖ ከፈተው።

«አንተ ብትሆን በየት በኩል ትገባ ነበር?»

«በጓሮ ነዋ! በፊት ለፊት የሚገባ ጅል ነው።»

ያ ይጽፋል፣ ይሄ ያወራል። ጫማዎቹን በስንት ጆንያ እንደሚያወጣቸው፣ በምን እንደሚያስጭናቸው፣ የት ወስዶ እንደሚሸጣቸው ሳይቀር ተነተነለት። ሲጨርሱ መርማሪው ወረቀቱን አቀረበለት። ወሬው ገና አላለቀለትም ነበርና ሳያነብ፣ እያወራ ፈረመ። ምክር የሰጠ መስሎታል። የፈረመው የእምነት ቃል ነበር።

መጀመሪያ ያየው ፍርድ ቤት አራት ዓመት ፈረደበት። ዳኛው «አልተመታህ፣ አልተገደድክ፤ በገዛ አፍህ ተናገርክ» አሉት። ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። አፍ ሲዳጥ በቅቤ አይታሽም። እኔም ዕጣዬ ነው ብዬ ስንቅ ማመላለስ ጀመርኩ።

የተመደበችለት ተከላካይ ጠበቃ ገና ትምህርቷን መጨረሷ ነው። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ የምትዞር ቀጭን ልጅ ናት። ፍርዱ ሲነበብ ከሱ ይልቅ እሷ አለቀሰች፤ ያጽናናት እሱ ነው፣ ያውም በረጅሙ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ይግባኝ አለች። እኔ ይግባኝ ማለት «እባካችሁ ማሩን» የሚባልበት ሌላ ቢሮ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው ምሕረት አይደለም። «ይህ ሰው ዝም ማለት እንደሚችል ማን ነገረው?» ብላ ነው የጠየቀችው።

ማንም አልነገረውም።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ይቀመጡበታል። አሥራ አንድ ወር ከታሰረ በኋላ ውሳኔያቸውን ሲያነቡ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ብዙው አልገባኝም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረች፤ መሐል የተቀመጡት ዳኛ ቀስ ብለው ነው ያነበቧት፦ «ዝም ማለት እንደሚችል ያላወቀ ሰው፣ መናገርን መረጠ ሊባል አይችልም።» ያ ወረቀት ከመዝገቡ ወጣ። እሱ ሲወጣ መዝገቡ ውስጥ የቀረ ማስረጃ አልነበረም፤ ባለቤቴም ወጣ። ጫማዎቹ በኋላ ከሌላ ሰው መጋዘን ተገኙ።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ያስረዳችኝ ጠበቃዋ ናት። «እትዬ፣ ይሄ ውሳኔ የጋሼ ብቻ አይደለም» አለችኝ፤ «ከታች ያሉት ፍርድ ቤቶች በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው የሚሄዱት።» እውነትም በየጣቢያው ወረቀት ተለጠፈ። መርማሪ ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት «ዝም የማለት መብት አለዎት፤ ጠበቃ የማማከር መብት አለዎት» ብሎ ማንበብ ግድ ሆነበት። «ድሮ እኛን የሚጠሩን ሰውየው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነበር» ትላለች ጠበቃዋ። «ቤቱ ነዶ ካለቀ በኋላ እየደረስን አመዱ ላይ ውሃ ስንረጭ ኖርን። አሁን ጭሱ ሲታይ ይጠሩናል።»

ባለቤቴማ እግሩ መሬት አልነካ አለ። የመዝገቡን ቁጥር በቀይ ቀለም ኪዮስኩ በር ላይ ጻፈው። አንዲት ሴትዮ ዕድለኛ ቁጥር መስሏት በዚያ ሎተሪ ቆርጣ፣ ሳይወጣላት ሲቀር መጥታ ጮኸችበት። ሐሙስ ሐሙስ ኪዮስኩን ዘግቶ ችሎት ይሄዳል፤ ሰው ኳስ ሊያይ እንደሚሄደው። ጠበቃ ተነስቶ የሱን መዝገብ ሲጠቅስ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ ጎሰም ያደርግና «እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ቀን የጎሰመው ሰው ካቴና የገባ ተከሳሽ ሆኖ ተገኘ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለው ሰውየው፤ እጁን መጨበጥ ስላልቻለ በጉልበቱ መልሶ ጎሰመው።

አንድ ጊዜ ደግሞ የለየለት ሌባ በዚያው ውሳኔ የእምነት ቃሉ ተሰርዞለት ተፈታና ኪዮስኩ ድረስ መጥቶ ትከሻውን ሳመው። ያን ቀን ተናደድኩ።

«ይኸው! ሌባ መረቀህ!» አልኩት።

ጠበቃዋ ስትሰማ አልተናደደችም። «እትዬ፣ በሩ ለሱ ከተዘጋ ለጋሼም ይዘጋል» አለችኝ። «ዳኛ ሌባውን ከንጹሑ ለይቶ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። መብቱ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ላይ።»

ይሄ ገባኝ። ባለቤቴ ግን ሌባው ከሄደ በኋላ ዕቃውን ሲያይ ሞረዱ የለም። እስኪያነባ ሳቀ። «ለውለታዬ ማስታወሻ ወስዶ ነው» አለ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት የባለፈው ወር ጉድ እንዲገባችሁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እኔ ልብስ ማጠቢያ ቤት በልብስ ተኳሽነት ነው የምሠራው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠበቃዋ መጣች። አሁን ትልቅ ጠበቃ ሆናለች፤ ቦርሳዋ ግን ያው ነው። እንፋሎቱ መሐል ቆማ፣ «እትዬ፣ መጥፎ ዜና ነው። ለጋሼ መንገር አቃተኝ» አለችኝ።

ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አዲስ ውሳኔ ሰጥቷል። አንድ ሰው ይያዛል፤ መብቱ በትክክል ይነበብለታል፤ «ገብቶኛል» ይላል። ከዚያ ጠበቃው እስኪመጣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከጠባቂው ጋር ጨዋታ ይጀምራል። በጨዋታው መሐል ያደረገውን ያወራል። ዳኞቹ ይሄ ይያዝበታል አሉ።

«የጋሼን ውሳኔ አልሻሩትም» አለች ጠበቃዋ። «ጠርዙን ቆረጡት። በደንብ ከተነገረው በኋላ በራሱ ፈቃድ የሚያወራ ሰው፣ ያወራው ማስረጃ ይሆናል።»

«በራሱ ፈቃድ የሚያወራ ሰው» ስትል ሁለታችንም አንድ ሰው ነው የታየን። ካውያዬን አስቀመጥኩ።

«እርስዎ ይንገሯቸው» አለችና ሮጠች።

ዛሬ ነገ ስል ሰነበትኩ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ደፈር ብዬ «ያ መዝገብህ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «ምን ሆነ? ደግሞ ተጠቀሰ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ተጠቅሷል» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ አዲሱ ውሳኔ ውስጥ ተጠቅሷል። ደስ ብሎት ሁለተኛ ሳህን በላ። እኔም ተውኩት። እንዲህ የሚያስደስተው ነገር በስተርጅና ከየት አመጣለታለሁ? ደግሞስ ማን መልሶ ያስረዋል ብዬ።

ረቡዕ ጠዋት የአንድ ትልቅ ሸሚዝ አንገትጌ ይዤ ሳለሁ፣ ከኪዮስኩ አጠገብ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እያለከለከ ገባ።

«እትዬ! ሬዲዮን ወሰዱት!»

«ማን?»

«ፖሊስ ነዋ! የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ማክሰኞ ማታ በሩ ሳይሰበር ተከፍቶ ማሽኑ ተሰርቋል። የበሩን ቁልፍ የሠራለት ሬዲዮ ነው አሉ።»

«ሲወስዱት ምን አለ?»

«ምን ያላለው አለ! እየወሰዱት እንኳ አይመስልም፤ እየመራቸው ነው የሄደው። ‹መዝገቤን ታውቃላችሁ? ምንም ብናገር አይያዝብኝም› እያለ!»

ከአንገትጌው ጭስ ወጣ። ባለ ሸሚዙ ይቅር ይበለኝ። ማክሰኞ ማታ ባለቤቴ የት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ፤ አጠገቤ ተኝቶ ስለ ዝገት ያስረዳ ነበር። ግን የሚስትን ምስክርነት ማን ከልቡ ይሰማል? ደግሞ እውነቱ አይደለም ያስፈራኝ። የዚያን በር ቁልፍ የሠራው እሱ ነው። አንድ ሰው «እንዴት ተከፈተ?» ብሎ ከጠየቀው ጃኬቱን ያወልቃል። ያኔ የታሰረው ስላልነገሩት ነው፤ አሁን ነግረውት ነው የሚታሰረው። ያልነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጠበቃዋ ችሎት ላይ ስለነበረች ስልኳን አላነሳችም። ፍርድ ቤት ድረስ ሄጄ በር ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ «ያዙት» አልኳት፤ አንድም ቃል ሳትጠይቅ ክንዴን ይዛ ወደ አውቶቡስ። ወንበር ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው ወደኔ የዞረችው።

«ስለ አዲሱ ውሳኔ ነግረዋቸዋል፤ አይደል?»

በመስኮት አየሁ።

«እትዬ?»

የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ግን አየሁ።

«አልነገሯቸውም!» ግንባሯን ፊቷ ያለው ወንበር ላይ አስደገፈች። «ከተያዙ ስንት ሰዓት ሆናቸው?»

«ሦስት ሰዓት አልፏል።»

«ሦስት ሰዓት! እሳቸው እኮ በሦስት ሰዓት የዓለምን ታሪክ ጨርሰው ሁለተኛውን ይጀምራሉ!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ እንባዬ እየወረደ ነው፤ እሷም ቦርሳዋን አፏ ላይ ደፍታ ትንፈቀፈቃለች። ፍርሃት እንዲህ ያስቃል። ፊት ለፊታችን የነበሩት ሽማግሌ «ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቁን። «እስር ነው» አልናቸውና ብሶብን ሳቅን።

ጣቢያው አጥር ጋ ሳንደርስ ድምፁን ሰማነው። በር ላይ ያለው ጠባቂ ገና ስንቀርብ «የሰውየው ቤተሰብ ናችሁ? እባካችሁ ፈጥናችሁ ግቡለት፤ ለመርማሪው ብላችሁ» አለን። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለቤቴ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ወዲያ ወጣቱ መርማሪ የሸሚዙን አንገት ፈትቶ ጣቶቹን ያሻሻል። ጠረጴዛው መሐል ላይ የባለቤቴ ኮፍያ ተደፍቷል።

«መጣሽ?» አለኝ ደስ ብሎት። «ተቀመጪ፤ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሰናል።»

«ጋሼ! አንድ ቃል እንዳይጨምሩ!» ጮኸች ጠበቃዋ።

«አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም!»

መርማሪው የወረቀቱን ክምር ከፍ አድርጎ አሳየን። «አሥራ አራት ገጽ» አለ በደከመ ድምፅ።

ጠበቃዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ ማንበብ ጀመረች። እኔ የማየው ፊቷን ነው። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቅንድቧ ተነሳ። አራተኛው ላይ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ታለቅሳለች ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነው።

«ይስሙ፣ እትዬ» አለችና አነበበች። «‹ጥያቄ፦ ማክሰኞ ማታ የት ነበሩ? መልስ፦ በዚህ ላይ ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ግን ላጫውትህ።› ከዚያ አምስት ገጽ ስለ ሦስቱ ዳኞች ነው። በስተግራ የነበሩት ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር ሁሉ አለ። ‹ጥያቄ፦ የጥርስ ሐኪሙን ያውቃሉ? መልስ፦ ዝም። ስለ ጥርስ በጠቅላላው ከሆነ ግን የኔን መንጋጋ የነቀለው ሰው...› ሁለት ገጽ! ‹ጥያቄ፦ የበሩን ቁልፍ እርስዎ ነዎት የሠሩት? መልስ፦ ዝም። ልጅ አለህ?›»

«ሁለት አሉኝ» አለ መርማሪው። «ስማቸውንም አስጽፈውኛል።»

ከዚያ መርማሪው ራሱ አወጋን። ለካ ይህ ልጅ ሥራ ሲጀምር በሥልጠና የተማረው የባለቤቴን መዝገብ ነው። ጠዋት ስሙን ሲያይ ክው ብሎ፣ በትክክል ላንብብ ብሎ የግድግዳውን ወረቀት ቃል በቃል አነበበለት። ባለቤቴ እንደ መዝሙር አብሮት ይላል። መጨረሻ ላይ ግን አንድ አዲስ መስመር አለች፦ «ይህ ከተነገረዎት በኋላ በፈቃድዎ የሚናገሩት ማስረጃ ሊሆን ይችላል።»

«‹ይሄ በኔ ጊዜ አልነበረም› አሉኝ» አለ መርማሪው። «አዲስ ውሳኔ ነው ስላቸው ውሃ ጠየቁኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ፤ ‹ተጠርጣሪው ለሦስት ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገሩም።›»

ሦስት ደቂቃ።

«ከዚያ ‹በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ እላለሁ፤ ጻፍ› አሉኝ። የእርስዎ ጉዳይ አይደለም እኮ ብላቸው ‹የኔን ልብስ ነው የቀደዱት!› ብለው ሦስት ገጽ አስጻፉኝ። እኔም መጨረሻ ላይ የክሊኒኩን ቁልፍ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ላብ አጠመቃቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ደፉበት። ‹ነገር በዓይን ይገባል፤ እያየሁት ዝም ማለት አልችልም› አሉ።»

«ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ገለጥ አድርጌ ያየሁት» አለ ባለቤቴ።

«አራት ጊዜ» አለ መርማሪው።

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። ሳቁ ጠፍቷል። «ያን ውሳኔ አንቺ ታውቂው ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ጠበቃዋ እጇን አነሳች። «እትዬ ደንበኛዬ አይደሉም፤ ግን ቢሆኑ ኖሮ ዝም ይበሉ እላቸው ነበር።»

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ያን ቀን አልተለቀቀም። በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀረቡት፤ መርማሪው ለምርመራ ተጨማሪ አሥር ቀን ሊጠይቅበት ነው። አሥር ቀን ማለት አሥር ቀን ሙሉ ከሰው ጋር እዚያ መዋል ነው። አሥራ አራት ገጽ ዝም ያለ ሰው አሥር ቀን ዝም ይላል ብሎ የሚያምን ካለ ባለቤቴን አያውቀውም። ዛሬ ካልወጣ ያ ቁልፍ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ከጠበቃው ጋር ለብቻ የመነጋገር መብት አለው፤ ይሄም ከሱ መዝገብ በኋላ የመጣ ነው። የመስታወት በር ያላት ትንሽ ክፍል አስገቧቸው። እኔ ከውጭ ሆኜ አያለሁ። ድምፅ አይሰማም፤ እጁ ብቻ ይታያል። ይጠመዝዛል፣ ይቧጭራል፣ ይስቃል፣ ግንባሩን ይመታል። አንድ ቀን ሙሉ ያፈነውን በአሥር ደቂቃ ዘረገፈው። ጠበቃዋ አንዴ አቋርጣው አንድ ነገር ጠየቀች፤ እሱም «እርግጠኛ ነኝ» በሚል አውራ ጣቱን አሳያት። ሲወጡ ስታለማምደው ሰማሁ።

«ዳኛዋ ‹የሚሉት አለ?› ይሉዎታል። መልሱ አንድ ቃል ነው።»

«የለኝም።»

«ጎበዝ። እንደገና።»

«የለኝም፤ ምክንያቱም...»

«ጋሼ!»

«የለኝም። አሁንስ? የለኝም። እንዲህ ከሆነ እኮ ቀላል ነው፤ እኔ በልጅነቴ...»

በሩ ተከፈተና አስገቡን።

መርማሪው ተነስቶ ቁልፉን በላስቲክ ከረጢት ከፍ አድርጎ አሳየ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህን በር ሳይሰብር መክፈት የሚችለው ከፍ ያለ ባለሙያ ነው» አለ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ጠበቃዋ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ልካ ትከሻውን ያዘችው።

«ቁልፉን የመረመረው ባለሙያ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ገና ነው።»

«ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጭረት ተመልክተውታል?»

ዳኛዋ ከረጢቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ቆይተው «ድመት የቧጨረችው ይመስላል፤ የባለሙያ እጅ አይመስልም» አሉ። ከዚያ ወደ መርማሪው፣ «ሰውየው ቁልፍ ሠሪ ከመሆናቸው ሌላ የያዛችሁት ነገር አለ?»

መርማሪው አሥራ አራቱን ገጽ አየ። መልሶ አጠፈው።

ዳኛዋ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ከተማችን ውስጥ እሱን የማያውቅ የፍርድ ቤት ሰው የለም። ጸሐፊዋ መተየብ አቆመች። በር ላይ የቆመው ፖሊስ አንገቱን አሰገገ።

«እርስዎ የሚሉት አለ?»

ተነሳ። አፉን ከፈተ። ደረቱ ሲሞላ አየሁት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቃታለሁ ያችን አተነፋፈስ፣ ከሷ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይመጣል። ዓይኑ ቁልፉ ላይ ነው።

«የለኝም» አለ።

አንድ ሰው ከኋላ «እንዴ!» አለ። ዳኛዋ ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ባለቤቴ ሁለቱንም ከንፈሮቹን ጥርሱ ውስጥ አስገብቶ ራሱን ነቀነቀ። ዳኛዋ ጎንበስ ብለው ጻፉ፤ እየጻፉ ከሳቁ ግን አላየሁም ልበል። «ሙያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተጠርጣሪው ዝም ማለታቸውም አይያዝባቸውም። ይለቀቁ፤ ፖሊስ ምርመራውን መቀጠል ይችላል።»

ደረጃው ላይ ስንወርድ ማንም አላወራም፤ እሱም። አጠገቤ ዝም ብሎ የሚራመድ ሰው ሲኖር እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅሁ።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ደስ ብሎህ ስታየኝ ሳሳሁልህ።»

አሰበበት። «ጠርዙን ነው እንጂ መሐሉን አልነኩትም፤ አይደል?»

«መሐሉን አልነኩትም።»

ፊቱ መብራት ሲጀምር ከኋላችን ሩጫ ሰማን። መርማሪው ነው፤ ከረጢቱን ይዟል።

«ጋሼ! አንዴ። ከሥራ ውጭ፣ እንደ ሰው ለሰው ልጠይቅዎት። እንዲህ አድርጎ የሚቧጭር ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለና ቁልፉን ፀሐይ ላይ አንጠለጠለው። አንዷን ጭረት ከሌላዋ ለይቶ መቁጠር ይቻላል።

ባለቤቴ ቆመ። ያች አተነፋፈስ መጣች።

«ጋሼ!» ጮኸች ጠበቃዋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፤ «ምርመራው አልተዘጋም!»

በአንድ እጁ አፉን አፈነ፤ በሌላው የኔን እጅ ያዘና ሮጠ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱም ደህና አይደለም፤ ግን ሮጠ። ጠበቃዋ ከኋላችን ወረቀቷን እያንጠባጠበች፣ እየለቀመች፣ እየሳቀች ትሮጣለች። ሊነሳ የነበረው አውቶቡስ ላይ ተንጠላጥለን ወጣን። እሱ አፉን አፍኖ ሲገባ ተሳፋሪው ሊያስመልሰው መስሎት ሦስት ወንበር ለቀቀለት። ጠበቃዋ አጠገቡ ተቀምጣ ጆሮዋን አስጠጋችለት። የአውቶቡሱ በር ተዘጋ፤ እሱም እጁን ከአፉ ላይ አነሳ።